ፊኛው ምን ቀለም ነው?

ሥራዬ መስማት ነው፤ ሌላ ሙያ የለኝ፣
ማላቲያ ስትተኛ ረጅም ሌሊት አለኝ።
ቀዝቃዛ ቅባቱን በመዳፌ አሙቄ፣
ትንሽ ሆድ ላይ ቀብቼ፣ ትንፋሼን ደብቄ፣
በአልትራሳውንዱ ጫፍ ጨለማ እዳብሳለሁ፣
ከቆዳ በታች ያለ ድምፅ እፈልጋለሁ።

ኢፔክ አራት ዓመቷ፤ ስሟ ሐር ማለት ነው፤
ዓይኗ የማሳቸውን አፕሪኮት የመሰለው፣
ስትወለድ ጀምሮ የሐሞት ቦይ የላት፣
አባቷ ከጉበቱ ቆርሶ እስከሰጣት።

ሐይረቲን ይባላል፣ የመስኖ ዘበኛ፣
የቦይ በር ከፋች ነው፣ የውሃ ተራ ዳኛ።
«ጉበቴ» ይላል ሰው፣ እኛ ጋ፣ ልጁን ሲወድ፤
እሱ ግን ቃሉን ይዞ ቢላ ሥር መሄድ!

ስድስተኛው ሌሊት።
ቀባሁ። ሰማሁ።
ደግሜ ቀባሁ።
ሰፊው ደም ሥር አለ፣ እንደ ጎርፍ ያጉረመርማል፤
ቀዩ ግን ዝም ብሏል።
ያ ከክር የቀጠነው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር፣
ትናንት እንደ ወፍ ልብ ይመታ የነበር።
ማሽኑ ይሆን ብዬ የራሴን አንገት ሰማሁ፤
የኔ ይመታል። አፈርኩ። ስልኩን አነሳሁ።

«ቱርጉት፣» አልኩት፣ «ደሙ ሳይረጋ አልቀረም።»
ሌላ አልጠየቀኝም፤ «መጣሁ» እንኳ አላለም።
ጎህ ሳይቀድ አልጋዋ በኮሪደር ነጎደ፣
ያልሻረ ቁስሏ ዳግመኛ ተቀደደ።

መስኮት ዳር ያለውን አልጋ አላየውም እኔ።
ባለፈው ክረምት ነው። ኦኑር ነበር ስሙ፤
እኔው ነኝ የሰማሁት ሲቆም የሱ ደሙ።
ሐኪም አልዘገየም፣ እጅም አልሳተ፤
ብቻ ሌላ ጉበት ሳይገኝ ቀኑ መሸ።
ከዚያ ወዲህ ዝምታን ሁለቴ እሰማለሁ።

ረፋዱ ላይ ሐይረቲን ሆዱን በእጁ አቅፎ፣
የግሉኮሱን ምሰሶ እንደ ከዘራ ተደግፎ፣
«አሰሚኝ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አደረግሁለት።
ሹ... ሹ... ሹ...
ጆሮውን አዘነበለ፣ እንደ ልማዱ፣ ሌሊት።
«ይሄማ ጎረቤቴ ነው፣ ውሃዬን ሲሰርቅ!»
ሳቀ፤ ስፌቱ ወጋው፤ ደግሞ አላቆመም ሳቅ።

አፕሪኮት በየጣራው ሲሰጣ ተመለሱ፤
ጣፊያዋ አብጦ፣ አፍንጫዋ እየደማ።
ያን ጊዜ የተዘጋው ቀጭኑ መንገድ ነበር፤
አሁን የጠበበው ዋናው፣ የጉበት በር።
ጉበን ከጉበት ጋር ባንዲት ፊደል ቢለይም፣
በሩ ከጠበበ ቤቱ ቤት አይሆንም።

«ቢላ አያስፈልግም» አለች ዶክተር ሙአላ፣
«በመርፌ በጎኗ ገብተን፣ ሽቦ አስከትለን ኋላ፣
ፊኛ እናሻግራለን፤ ጠባቡ ላይ ሲደርስ
እንነፋዋለን፣ መንገዱ እስኪመለስ።»

ኢፔክ ቀና አለች፦ «ፊኛው ምን ቀለም ነው?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቃት፤
«ቀለም የለውም» ማለት በልጅ ፊት ከበዳት።
«አንቺ ምን ትወጃለሽ?»
«አረንጓዴ።»
«እንግዲያው አረንጓዴ ነው።»

ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ። እንደ ተርብ ወገብ
መሃሉ የተሰረጎደ፣ ያ የደም ሥር ግንብ፣
ፊኛው ሲነፋ ጊዜ ቀስ እያለ ቀና፤
ግፊቱ ከአሥራ አንድ ወደ ሁለት ወረደና
ሙአላ ጓንቷን አወለቀች። አልፈነደቀችም።
«ዳግም ሊጠብ ይችላል» አለች፣ «ልጅ ያድጋል፣ ጠባሳ አያድግም።
ያኔ የብረት መረብ እናስገባለን።»
ሐይረቲን ገባው። ቦይ በዓመት ስንቴ ይጠረጋል?

ማታ ቅባቱን አሙቄ ወደ ሆዷ ስጠጋ፣
እጄን ያዘች፤ ጫፉን ራሷ አሳረፈችው፣
ትንሽ ስታ፣ ወደ ቀኝ ስባ፣ አገኘችው።
«ይሰማል እንዴ አረንጓዴው?» ልላት አፌን ስከፍት፣
ጣቷን ከንፈሯ ላይ አቁማ ገላመጠችኝ፦

«ዝም በይ። እየሰማሁ ነው።»